በሃርድኮሩ መሀል የተጋደመ ከዘራ

ሁለት የምታከብሯቸው ሰዎች ተኳርፈው መሀላቸው ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ «ንገርልኝ» ይላችኋል፣ ሌላው «አልሰማም» ይላችኋል። እናንተ ደግሞ ነገር ማስረዳት የምትወዱ ከሆነ «ለእኔ ተዉት» ትላላችሁ። ከዚያች ቃል በኋላ እንቅልፍ የለም። የደረሰበት ያውቀዋል። በእኔ ላይ የደረሰው እዚሁ ከሚሴ፣ በአንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ፣ ደረት በሚመታ ሙዚቃ መሀል ነው።

ስሜ ሰኢድ ነው፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገር በቅደም ተከተል ሲሄድ ደስ ይለኛል። ጠመኔዬን በየቀለሙ ለይቼ ነው የማስቀምጠው። ተማሪ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን እጀምርለታለሁ። ባልደረቦቼ «ሰኢድ ሰላም ሲሉት እንኳ በሦስት ነጥብ ከፍሎ ነው የሚመልሰው» ይሉኛል። ቀልድ ነው፤ ግን ውሸት አይደለም።

መጀመሪያ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ሐዋ ይመር ትባላለች። ከከሚሴ ብዙ የማይርቀው የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ በሁለት እስክሪብቶ ዴስኩን እየመታች ስታስቸግረኝ ከርማ ጥሩ ውጤት አምጥታ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያ ከሦስት ወንዶች ልጆች ጋር የሙዚቃ ባንድ አቋቋመች፤ እሷ ድራም ትመታለች። የሚጫወቱት ሃርድኮር ፓንክ የሚባለውን ነው። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ፈጣን ነው፣ አጭር ነው፣ ዘፋኙ አይዘፍንም፣ ይጮኻል። አንዱ ዘፈን ተጀመረ ስትሉ አልቋል። ተመልካቹ ደግሞ ቆሞ አያጨበጭብም። መድረኩ ፊት ባዶ ቦታ ከፍተው እየሮጡ በትከሻ ይጋጫሉ። ከውጭ ለሚያየው ድብድብ ነው። ከውስጥ ላለው ጨዋታ ነው፤ ሕግም አለው፦ የወደቀ ሰው ወዲያው ይነሳል።

አባቷ ሐጂ ይመር የከብት ነጋዴ ናቸው። በሰንበቴ ገበያ ስማቸው የሚታወቀው ግን በንግዱ ብቻ አይደለም። ከቆላ የመጣ አፋርና ከደጋ የወረደ ገበሬ በአንድ ወይፈን ሲጋጩ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በአንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ወጣት ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ «ሐጂ፣ ይቺ ልጅህ አይደለችም እንዴ?» አላቸው። አጭር ቪዲዮ ነው። ሐዋ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ጥርሷን ነክሳ ድራም ትመታለች። ከኋላ ሰው ይጮኻል። በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። ሐጂ ስልኩን መለሱለት፣ ያመጡትንም ወይፈን መጀመሪያ በተጠራላቸው ዋጋ ሳይከራከሩ ሰጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ለእናቷ ይሰጣሉ።

ከረመዳን በኋላ ሐዋ ደወለችልኝ። ባንዱ ወደ ደሴ ሊሄድ ነው፤ መንገዱ በከሚሴ ነው፤ ከሚሴ ላይ አንድ ዝግጅት ማሳየት ይፈልጋሉ። አዳራሽ እንድፈልግላትና ፈቃዱን እንድጨርስላት ጠየቀችኝ። ይሄ ቀላል ነበር። ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው የከበደው።

«ቲቸር፣ አባቴ አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ይስማኝ። ሰምቶኝ ‹አይሆንም› ካለኝ፣ ወላሂ፣ ያን ቀን እተወዋለሁ። ሳይሰማኝ ግን አልተውም።»

ወላሂ ብላ የምትቀልድ ልጅ አይደለችም። ደግሞ ድራሙ ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እነዚያን እስክሪብቶዎች ስንት ጊዜ ቀምቻታለሁ። ስለዚህ ያ ዝግጅት ለሌላው ሰው ሙዚቃ ነው፤ ለሐዋ ፍርድ ነው። እኔም «ለእኔ ተይው» አልኳት።

በገበያ ቀን ሰንበቴ ሄድኩ። ሐጂ ይመር የአንድ በሬ አፍ ከፍተው ጥርሱን እያዩ ነው። አጠገባቸው አሊ የሚባል ደላላ ቆሟል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛቸው ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ አፉ የማያርፍ። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ «ነጋ ዳ?»፣ «ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ» ተባባልን። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ባንዱ፣ ስለ ፈቃዱ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ሁሉ ሳይቀር ተናገርኩ። ሐጂ ከበሬው አፍ ዓይናቸውን አላነሱም። ስጨርስ «ሰማሁ» ብቻ አሉ። አሊ ግን አላለፈውም።

«ሐጂ፣ የሰው በሬ ስትገዛ አፉን ከፍተህ ነው የምታየው። በገዛ ልጅህ ላይ ግን ከሩቅ ፈረድክ።»

ሐጂ የበሬውን አፍ ለቀቁት። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና «እመጣለሁ» አሉኝ።

የዝግጅቱ ቀን ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። አዳራሹ የአንድ ነጋዴ ነው፤ የሰርግ ወቅት ሲያልፍ ባዶውን ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ ሁለት ቀይ ልቦች ተስለዋል፤ የሙሽሮቹ ትልልቅ ወንበሮች በላስቲክ ተሸፍነው አንድ ጥግ ይዘዋል። ልጆቹ ድራሙን እነዚያ ልቦች ሥር ተከሉት። የባንዱ ጩኸተኛ ናቲ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ሰው ሲያናግር ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። «እውነት የምትጮኸው አንተ ነህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ «ለዚያ ነው የማጠራቅመው» አለኝ።

የመጣው ሰው ከጠበቅነው በለጠ። ተማሪዎቼ፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ከባንዱ ጋር በሚኒባስ የመጡ የአዲስ አበባ ጓደኞቻቸው። ናቲ ሕጉን ነገራቸው፦ በክርን መምታት የለም፣ የማይፈልግ ሰው ዳር ይቁም፣ የወደቀ ይነሳል። እኔም ተቀብዬ አብራራሁ። ቶፊቅ የሚባለው ተማሪዬ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለና ሁሉንም አሳቀብኝ።

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ተሰገደ። ሐጂ ይመር አልደረሱም። ደወልኩላቸው። ጨፋ ላይ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶት ሚኒባሳቸው ቆሟል። ማዘግየት አንችልም ነበር፤ ባጃጆቹ ሥራ የሚያቆሙበት ሰዓት አለ፣ ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ቤቱ መግባት አለበት። ሐዋ ከድራሙ ኋላ ሆና በዓይኗ ጠየቀችኝ። ጀምሪ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። የድራሙን ዱላዎች አንስታ አራት ጊዜ አጋጨቻቸው፤ ተጀመረ።

ድምፅ ሞገድ ነው ብዬ ለስንት ክፍል አስተምሬያለሁ። ያን ቀን ግን ሞገዱ ደረቴ ውስጥ ገብቶ የእኔ ያልሆነ ሁለተኛ ልብ ሆነ። የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ናቲ ያጠራቀመውን ሁሉ አወጣው። መጀመሪያ የአዲስ አበባ ልጆች ገብተው ተጋጩ፤ የእኛዎቹ ግድግዳ ተደግፈው አዩ። በሁለተኛው ዘፈን ቶፊቅ ገባ። በሦስተኛው የባጃጅ ነጂዎቹ ጫማቸውን አጥብቀው ገቡ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ ሌላው ሐዋ ላይ። እሷም እየመታች በሩን ታያለች። ባዶ ሆኖ ባየችው ቁጥር ትፈጥናለች። ጊታር የያዘው ልጅ ሊደርስባት አልቻለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን ልንገራችሁ፤ ያለሱ የሆነው ነገር አይገባችሁም። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጋፋ ያየ ሰው ቆሞ አያይም። መጀመሪያ መሀል ይገባል፣ «ምን ሆናችሁ?» የሚለው በኋላ ነው። በተለይ ገበያ ላይ፣ በተለይ አንዱ የአገር ልጅ ሌላው እንግዳ ሲሆን፣ አንድ ቡጢ እስከ ማታ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ሽማግሌ ከዘራውን በሁለቱ መሀል መሬት ላይ ካጋደመው በላዩ የሚራመድ የለም። የሚያነሳው ያጋደመው ሰው ብቻ ነው፤ የሚያነሳውም የተጣሉት ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው አፉ፣ ማለትም ይቅር፣ ሲባባሉ ነው።

ሐጂ ይመር የደረሱት ናቲ ማይክሮፎኑን ይዞ ከመድረክ በዘለለበት ቅጽበት ነው። ቶፊቅ እየሮጠ በትከሻው ገጨው። ሁለቱም ወደቁ፤ ሌሎች አምስት ስድስት ልጆች በላያቸው ተከመሩ። «ሐጂ፣ ይሄ ማለት—» ብዬ ጀመርኩ። የሚሰማ የለም። ሐጂ እኔን በክንዳቸው ገፍተው፣ ኮታቸው እየተውለበለበ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሰው መሀል ሰንጥቀው ገቡ። አብሯቸው የመጣው አሊ እያለከለከ ተከተላቸው።

«ተው! በአላህ ተው!» ሲሉ ጮኹ ሐጂ።

ናቲና ቶፊቅ ሲነሱ ከዘራው በመሀላቸው ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

የእኛ ልጆች ሁሉ ባሉበት ደረቁ። የአዲስ አበባዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለሉና ግራ ተጋብተው ቆሙ። ናቲ ምንም ሳይገባው ወደ መድረኩ ሊመለስ እግሩን አነሳ፤ ቶፊቅ ሸሚዙን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። «እንዳትሻገር» አለው። ጊታሩ ለብቻው ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ። ሐዋ ዱላዎቿን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አባቷን አየቻቸው። እሳቸው ግን አላዩዋትም፤ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነው።

ከውጭ ጫጫታ ተሰማ። ሐጂ ሲሮጡ ያየ አንድ ባጃጅ ነጂ «የአዲስ አበባ ልጆች ቶፊቅን ደበደቡት» ብሎ ማውራት ጀምሯል። በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ወጥቼ «ማንም አልተደበደበም» አልኩ። ዓይናቸው ወደ ውስጥ ነው። አሊ ከኋላዬ ብቅ ብሎ «ሐጂ ይመር ይዞታል» ሲላቸው ግን ተረጋጉ፤ ግማሾቹም ገብተው ተቀመጡ። ለካ የሚፈለገው ማብራሪያ ሳይሆን ስም ነበር።

ሐጂ ወንበር አስመጡ። ናቲን ከከዘራው በዚህ በኩል፣ ቶፊቅን በዚያ በኩል አስቀመጧቸው።

«ማል ተኤ?» አሉ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው። «የተበደለው ማነው?»

ቶፊቅ አንገቱን ደፋ። «ማንም አልበደለኝም፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን ገፋኸው?»

«ስለገፋኝ።»

«እሱስ ለምን ገፋህ?»

«ስለገፋሁት።»

አዳራሹ ሳቁን በአፍንጫው አፈነ። አሊ ከአንገት በላይ ተክዞ «ሐጂ፣ ይሄ ጠብ ሻጭም ገዥም የለውም» አለ።

ሐጂ ወደ ናቲ ዞሩ። እንግዳ ስለሆነ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው፣ ልጄ፣ የነካህ ሰው ካለ አትፍራ፣ እኛ አለንልህ አሉት። ናቲ ደግሞ ሽማግሌ ላለማሳፈር ብሎ ነገሩን የባሰ አበላሸው። «ይቅርታ አባባ፣ እንታረቃለን» አለና ቶፊቅን ተንጠራርቶ ትከሻውን ሳመው። ቶፊቅም ሳመው። ሁለቱም ከዘራው ይነሳል ብለው ጠበቁ።

ሐጂ አልተንቀሳቀሱም። «ያልተጣላ ሰው አይታረቅም» አሉ። «በውሸት እርቅ ከዘራዬን አላነሳም።»

ችግሩ ይታያችኋል? ከዘራው ካልተነሳ ሙዚቃ የለም። እርቅ ከሌለ ከዘራው አይነሳም። ጠብ ከሌለ እርቅ የለም። እነዚህ ልጆች ደግሞ አልተጣሉም። ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ አየሁት፤ መውጫ የለውም። ሐጂ ልጃቸውን የሰሙት በሩ ላይ ቆመው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። እንዲህ ከተበተንን ከቪዲዮው የተሻለ አልሰሙም። እሷ ደግሞ ሳይሰማኝ አልተውም ብላለች።

በዚህ መሀል የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሐጂ ተነሱ፤ ከዘራውን እንዳለ ትተው፣ ያለ ድጋፍ ቀስ እያሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። እኛም ተከተልን።

ከሶላት በኋላ ጫማ ማድረጊያው ላይ ያዝኳቸው። ስለ ጨዋታው ሕግ፣ ስለ ትከሻና ክርን ልዩነት፣ የወደቀ ሰው ስለመነሳቱ በፍጥነት ዘረዘርኩ። ሐጂ እስክጨርስ ታገሱኝ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

«ቲቸር፣ አንተ አስተማሪ ነህ፣ አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝም ብለህ መቀመጥ ትችላለህ?»

አሊ ጫማውን እያሰረ «መልሱን በሦስት ነጥብ እንዳይከፍለው አስጠንቅቀው» አለ። ያ ቀልድ ሰንበቴ ድረስ መድረሱን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ስንመለስ አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም ነበር። ያ ሁሉ ወጣት በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጦ ባዶውን ወለልና በመሀሉ ያለውን ከዘራ ያያል። ውሃ የሚያድል ልጅ እንኳ በዳር ዞሮ ነው የሚያልፈው። ሐዋ ከድራሙ ኋላ አልነበረችም። ከከዘራው በአንድ በኩል፣ ወለሉ ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ዱላዎቹን ጉልበቷ ላይ አጋድማቸዋለች።

ሐጂ ቆሙ። ከመጡ ጀምሮ መጀመሪያ ያዩዋት ያን ጊዜ ነው።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አባ፣ የተጣላ ሰው ስትፈልግ ነበር። እኔ አለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ካንተ ጋር።»

አፌን ከፈትኩ። አሊ ሳያየኝ ክንዴን ጨበጠኝ፤ ዘጋሁት።

ሐጂ ይመር የሺህ ሰው ጠብ አይተዋል። የከሰሳቸውን ሰው ትቶ መሄድ ግን ነውር መሆኑን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወንበሩን ትተው፣ ከከዘራው በዚያኛው በኩል መሬት ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው «ዳኛ በራሱ ጉዳይ አይፈርድም። አሊ፣ ና» አሉ።

አሊ ዙሪያውን አየ። የሚቀልድበት አጣ። መጥቶ በመሀል ተቀመጠ፤ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። «ቢስሚላሂ። ሐዋ፣ ክስሽን ተናገሪ።»

«አባቴ የፈረደብኝ ከሰው ስልክ አይቶ ነው» አለች። «ያ ቪዲዮ ሳልጨርስ ያልቃል። ሳልጨርስ ተፈረደብኝ። ስደውል ስልኩን ለእማ ይሰጣል። ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ።» እዚህ ላይ ዱላዎቹን ጨበጠቻቸው። «የገበያ ሌባ እንኳ ሲያዝ እስኪጨርስ ትሰማዋለህ፣ አባ።»

አሊ ወደ ሐጂ ዞረ። «አንተስ?»

«እኔም ተበድያለሁ» አሉ። «ልጄ ምን እንደምትሠራ ገበያ መሀል፣ ሰው እየሳቀ ነው ያወቅኩት። ከበሮ መምታቷ አልነበረም ያቃጠለኝ። አክስቷ በሰርግ ስትመታ እያየች ነው ያደገችው። ያቃጠለኝ የመጨረሻው ሰው መሆኔ ነው። ሰንበቴ ሁሉ አይቶ ነው ለእኔ የደረሰኝ። ኢንተላ ኮ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ይቺን ቃል ሲሉ ሐዋ አቀረቀረች።

«ፈራሁ» አለች።

«እኔን?»

«አይሆንም ብትለኝ ልተወው ነዋ። መተው ነው የፈራሁት።»

አሊ ጢሙን እየጎተተ አሰበ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ ሁለታችሁም በድላችኋል፣ ሁለታችሁም ካሳ ትከፍላላችሁ። ሐጂ፣ ያንተ ካሳ እስከ መጨረሻው ተቀምጠህ መስማት ነው፤ ጆሮህን ሳትይዝ፣ ሳትነሳ፣ ማንም ቢወድቅ መሀል ሳትገባ። ሐዋ፣ ያንቺ ካሳ ከዛሬ ወዲያ አባትሽ የአንቺን ነገር ከሰው አፍ ቀድሞ ከአፍሽ እንዲሰማ ማድረግ ነው፣ የማይወደውንም ቢሆን። «ከሰማ በኋላ እሺም ይበል እንቢም ይበል፣ እሱ የሱ ነው» አለ። «እኔ ደላላ ነኝ፤ አገናኛለሁ እንጂ አልገዛም።»

አባትና ልጅ በከዘራው ላይ ተጎንብሰው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። «አፉ በለኝ።» «አፉ ብያለሁ፤ አፉ በይኝ።» ሐጂ ከዘራቸውን አንስተው፣ ተደግፈውበት ቆሙና፣ ከድራሙ ቅርብ ያለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሐዋ ወደ ድራሙ ተመለሰች። ፍርዱ አሁን ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ፈጥና ጀመረችው፤ አንዱ ዱላ አምልጧት ወደቀ፤ ናቲ እየጮኸ አንስቶ ወረወረላት። ከዚያ በኋላ ወደ በሩ አላየችም፤ የምትጠብቀው ሰው በሩ ላይ አልነበረም። ጊታሩ ደረሰባት። መሀሉ እንደገና ተከፈተ፤ ልጆቹ እንደገና ተጋጩ።

እኔ የማየው ሐጂን ነው። ከዘራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ጎንበስ ብለዋል። መጀመሪያ ያዩ የነበረው ግጭቱን ነው። ቶፊቅ እንደገና ወደቀ፤ ሐጂ ከወንበሩ ግማሽ ተነሱ፤ ከዚያ በፊት ግን አምስት እጅ ወርዶ ቶፊቅን በብብቱ ይዞ አነሳው፣ አንዱም አቧራውን አራገፈለት። ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡ። «አነሱት» ሲሉ ከአፋቸው አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ግጭቱን አላዩም። እስከ መጨረሻው ያዩት የልጃቸውን እጆች ነው።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ወደ አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ዞሯል። ሐዋ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። መዳፏ ላይ የተላጠ ቦታ አለ፤ ሐጂ እጇን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ የከብት ሰኮና እንደሚመረምሩ አድርገው አዩት።

«ያማል?»

«ይለመዳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ፣ አልወደድኩትም» አሉ። የሐዋ ፊት ሲወድቅ አየሁ። ሐጂ እጇን አልለቀቁም። «አልወደድኩትም። አትተይው።»

«ለምን?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

«እኔን ከሰሽ መሬት የተቀመጥሽለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሕይወቱ ስንት ያገኛል?»

ከዚያ ተነሱ፤ ባጃጅ ሳይጠፋ እንሂድ ብለው አሊን ጎተቱት።

ይሄ ከሆነ በኋላ እኔ ላይ ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው ሙዚቃውን ወደድከው ወይ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር አሁንም ጆሮዬ አይችለውም። የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ቀን ሁለት ሰዎችን ለማስታረቅ ያለኝን ዕውቀት ሁሉ ይዤ ነበር የሄድኩት። ባወራሁ ቁጥር አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ነገሩ የተንቀሳቀሰው ዝም ያልኩ ጊዜ ነው፤ እሱም አሊ ክንዴን ስለጨበጠኝ። አሁን ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠይቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ አደርጋለሁ። ጥያቄውን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም፤ ስንቱን ዓመት ያልተጠየቅኩትን ስመልስ እንደኖርኩ ያን ጊዜ ይገባኛል። አሁንም እሳሳታለሁ። ምላሴ ይበላኛል፣ ሰሌዳው ይጠራኛል። ግን እጠብቃለሁ።

ሐዋ ባለፈው ወር ደውላልኝ ነበር። ለአባቷ ቀድማ የነገረቻቸውን አንድ ነገር ልትነግረኝ ነው። ምን እንደሆነ አልጽፈውም፤ እንደ ካሳው ደንብ ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ፣ ሦስተኛው ማን እንደሚሆን የምትመርጠው እሷ ናት።

እናንተን አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በቤታችሁ፣ የሚወደውን ነገር ያልወደዳችሁለት አንድ ሰው ይኖራል። ልጅ፣ ወንድም፣ ሚስት፣ ጓደኛ። ዛሬ ወይም ነገ «አሳየኝ» በሉት። ከዚያ ተቀመጡ። ጆሯችሁን አትያዙ፣ አትነሱ፣ መሀል አትግቡ። እስኪጨርስ ጠብቁት። ሲጨርስ አልወደድኩትም ማለት መብታችሁ ነው። ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁለተኛው ቃል ምን እንደሚሆን ግን፣ ሞክሩትና እዩት።